ፈቃድ

ዓርብ ነው፤ ግሪን ቤይ፣ ከፎክስ ወንዝ ማዶ፣
በረዶ ላይ ዘንቦ ደግሞ ሌላ በረዶ፣
የወረቀት ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀን
መሸታ ቤት ገባን፣ ዓሣ ጥብስ ናፍቀን፤
እኔና ኢዮስያስ፣ ልጄ፣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣
ድምፁ ገና ሚሰነጠቅ፣ እንደኔ ረጅም አንገቱ።

ጥግ ላይ ዴል ጠራኝ፣ የማሽን ጓዴ፣
«ቦታ አለ፣ ልጁን ይዘህ ና፣ ዘመዴ።»
የሱም ልጅ አብሮት አለ፣ ከልጄ ጋር የሚማር፣
ቢራ ይጎነጫል፣ ፊቱን ሳይቋጥር፣ እንደ ብርዝ ማር።

አሳላፊዋ መጣች፤ ዕድሜዋ ስልሳ ቢሆን፤
«ያንተ ነው?» አለችኝ፣ ባገጯ ጠቁማ ልጄን።
«አዎ» አልኩ። «እንግዲያው» አለች፣ «አባቱ ካለ፣
ካንተ ፈቃድ በቀር ሕጉ ምን ከለከለ?»

ፈቃድ።
ለመንዳት ወረፋ ይዤ፣ ለዓሣ ማጥመድ ከፍዬ፣
ለመኖር ስምንት ዓመት በር ላይ ተንጠልጥዬ
ፈቃድ ስለምን ነው የኖርኩት በዚህ አገር፤
ዛሬ እኔ ሰጪ ሆንኩ፣ ያውም ላንዲት ብርጭቆ ነገር!

ልጄ ግን አልለመነም፤ ጠየቀኝ በዝግታ፦
«አንተስ ስንት ዓመትህ ነበር፣ የመጀመሪያዋ ለታ?»

ምን ልበለው?
ስድስት ነበርኩ። የጊዮርጊስ ማኅበር ነው፣ የእናቴ ተራ፣
ቅራሪ በጣሳ ሰጠችኝ፣ ከአዋቂዎቹ ጋራ።
«ቅራሪ መጠጥ ነው እንዴ? የጠላ እጣቢ ነው» ይባላል፤
እውነት ነው፤ ልጅ ጠጥቶት ኳስ ሊራገጥ ይሄዳል።
ወንድሜ ተሻለ ግን፣ ከዚያችው ጣሳ፣ ከዚያው ጠላ፣
ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ ወይም ወረደ፣ እስከ ካቲካላ።
ስሙ ተሻለ ነበር፤ ሳይሻለው ቀረ፤
ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በሠላሳ አንዱ ተቀበረ።

አንድ ጣሳ፣ ሁለት ልጅ፤ ያው እናት ናት የቀዳችው፤
እኔን ዝም ብላ ያለፈች፣ እሱን ለምን ጠለፈችው?
ለልጄ ይህን አልነገርኩም፤ «ልቡን አሞት ነው» ብዬ
ዐሥራ አምስት ዓመት ኖርኩ፣ ጉበቱን በልቡ ከልዬ።

ዴል ድንቹን እየነከረ፦ «ፊቴ ቢቀምስ ነው የሚሻለው፤
ድልድይ ሥር ተደብቆ ቢጠጣ፣ ማን ያነሳዋል ሲጥለው?»
ዴል ክፉ ሰው አይደለም። ማሽን እጅጌዬን ሲውጠው
ዘሎ ያጠፋልኝ እሱ ነው፤ ምክሩን እንዴት ልናቀው?
«የኔም ልጅ እንዲሁ…» አለችና አሳላፊዋ አቋረጠች፤
ንጹሑን ጠረጴዛ ደግማ ደጋግማ ጠረገች።

«አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ወጣ፣ ካሰብኩት ይልቅ ጎልቶ።
ለስላሳ መጣለት። ልጄ በቀሰም ማገው፣ አንገቱን ደፍቶ።
እኔም የአባትነቴን ድል ላከብር፣ አንድ ቢራ አዘዝኩ፤
ከዚያ አንድ፣ ስለ ተሻለ፤ ከዚያ ቆጠራውን ተውኩ።

ሒሳብ ከፍዬ ስነሳ፣ ቁልፌ ከጠረጴዛው የለም።
ልጄ ኪሱ ከቶታል፤ አልተቆጣም፣ አልፎከረም፤
«አራተኛህ ነው» አለ፣ «አባ፣ እኔ ቆጥሬያለሁ።
ለኔ ፈቃጁ አንተ ነህ፤ ላንተስ ማንን እጠይቃለሁ?»

መኪናዋን ትተን በእግር ድልድዩን ጀመርን።
ወንዙ ዳርዳሩ ረግቷል፤ መሐሉ ጥቁር ነው፣ አየን።
ግማሹ ላይ ስንደርስ ቆምኩ፦ «ኢዮስ፣ አጎትህን የገደለው
ልቡ አልነበረም» አልኩት።
ነፋሱ ቃሌን ነጠቀኝ፤ ልድገመው ወይስ ልተወው?

«ሰማሁ» አለ በመጨረሻ፤ «ቀጥል አባ፣ ቤት ሩቅ ነው።»
ቁልፉ በየእርምጃው ኪሱ ውስጥ ይንቃጨላል።
መልስ አላልኩትም። ይያዘው።