አባሪ አሥራ አራት

ሥራዬ ወረቀት ነው፤ መብሳት፣ መጠረዝ፣ ቁጥር መስጠት፣
ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣ ከሃሊና ኮቫልቺክ ቤት።
እዚህ የሚመጣ ሁሉ «ልዩ ነኝ» ብሎ ይምላል፤
ልዩነቱ ግን በኪሎ፣ በገጽ ብዛት ይመዘናል።
አንድ የቼዝ አሠልጣኝ መጥቶ ሰባት ካርቶን አራግፏል፤
የአንዲት ሐኪም ጽሑፍ ብቻ ጠረጴዛዬን ሸፍኗል።

ኢላንጎቫን ግን የመጣ ለት
በፎጣ የጠቀለለው አንድ ዕቃ ነበር፣ እንደ አራስ ያቀፈው በደረት፤
መስታወት።
ቱቦ በቱቦ ውስጥ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ጠምዛዛ፣
መገጣጠሚያው የማይታይ፣ በእሳት ለዝቦ ለትንፋሽ የተገዛ።
«ለኬሚስቶች ነው» አለ፤ «ተን ገብቶ ጠብታ ሆኖ ይወጣል።
እኔ ዕቃውን እነፋለሁ፤ ግኝቱ በእነሱ ስም ይጠራል።»

ሃሊና መነጽሯን አውልቃ፣ «ስለ ራስህ ጻፍ» አለችው፤
«ደብዳቤውን አንተ አርቅቀው፤ ፕሮፌሰሮቹ ይፈርማሉ እንጂ ጊዜ የላቸው።»
ሌሊቱን ሙሉ ጻፈ። በማግስቱ ያመጣው ሦስት መስመር ነው፦
«ሠላሳ ዓመት ነፋሁ።
የተሰበረብኝ ጥቂት ነው።
ጣቶቼን እዩአቸው።»
«"እሱ" በል» አለችው። «"እኔ" አይባልም እዚህ። "እሱ አቻ የለውም"።»
አንገቱን ደፋ። «በእኛ ቤት» አለ፣ «ሰው ራሱን በአፉ አይመዝንም።»

ዕቃው ፖስታ አይገባም። ፎቶ አነሣሁት፣ ከመስኮቱ ሥር አቁሜ፤
«አባሪ አሥራ አራት» ብዬ ለጠፍኩ፣ በቀይ ቀለሜ።
በአምስተኛው ወር መልስ መጣ፤ ቀጭን ፖስታ፣ ሁለት ገጽ፦
«አባሪ አሥራ አራት መስኮት ነው። የመኪና ማቆሚያ ይታያል። ይገለጽ።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርሁ። ፎቶውን አውጥቼ አየሁት፦
ከጀርባው ያለው ሁሉ አለ፤ ሰማያዊ መኪናዬ፣ ዛፉ፣ የትራፊክ መብራት፤
እሱ የነፋው ብቻ የለም።
ጥሩ መስታወት አይታይም።

መላ ያመጣችው ካየል ናት፣ ልጁ፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት፤
የቀይ ሥር ጭማቂ ይዛ መጣች በውሃ ኮዳ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት።
አፈሰሰችበት። ቀዩ ወረደ፤ ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤
አባቷ የጠረበው መንገድ ሁሉ ድንገት በሰው ፊት ተናገረ።
ሃሊና እንኳ የያዘችውን ስልክ ዘጋች።
አነሣሁት። ይሄን ጊዜ መኪናዬ አልታየች።

ጸደቀ። «አቻ የለሽ» ተባለ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ክብ።
ኬክ ገዛሁ። እሱ ግን ቆሞ ሌላ ወረቀት ነበር የሚያነብ፦
የትውልድ አገር ተራ፤ በየወሩ የሚወጣ፣ ቀን የተሰለፈበት።
ለሕንድ ተወላጅ አሁን የደረሰው፣ ካየል አራተኛ ክፍል ሳለች ላመለከቱት።
በዚህ ወር ስምንት ቀን ገፋ። ባለፈው አልተነቃነቀም።
አንዳንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።
እሷ በመጋቢት ሃያ አንድ ይሞላታል፤
ሕጉ የሚቀንስላት ጥቂት ወርም ተቆጥሮ ያልቃል፤
ያን ዕለት ስሟ ከአባቷ ፋይል ይወጣል።

ትናንት መጥቶ ዕቃውን ጠየቀኝ። እጅ መታጠቢያችን ላይ አጠበው፣
ሞቅ ባለ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጥጉ ላይ የቀረው ቀይ እስኪለቀው።
ወደ ብርሃን አነሣው፤ በእሱ አሻግሮ እኔን አየኝ።
«ካናዳ ልታመለክት ነው» አለ። «ደብዳቤ ልጽፍላት ነው፤ ቋንቋውን አርሚልኝ።
ሦስት መስመር አይበቃኝ።»