የውሻው ስም

ድስት ሲወድቅ ትዞራለች፤
"ላግሌ" ሲሏት ዝም ትላለች።
በአምስት ዓመቷ፣ በአንድ ክረምት፣
ቃል እንደ ጥርስ ረገፈባት፤
መጀመሪያ የውሻው ስም፣
ኋላ "እማዬ" ማለትም።
ጎረቤት፣ "ደንቁራለች"፤
መምህሯ፣ "እልኸኛ ነች"፤
አባቷ ኡርማስ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣
የጠፋውን ቃል ከነቀኑ
በደብተር ያዘ።

እኔ የታርቱ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ፤
ሃያ አንድ ሽቦ ራሷ ላይ ለጥፌ
እስክትተኛ ጠበቅሁ።
ነቅታ ሳለች መስመሩ የረጋ ሐይቅ፤
ዓይኗ ሲከደን ግን መብረቅ በመብረቅ፣
ያለ ፋታ፣ እስኪነጋ፣
ቀን የለቀመችውን ሌት ሲያራግፍባት።
ዶክተር ሲርየ ጎህ ሲቀድ አይታ
ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
"በሩማ ደህና ነው፤ ቤቱ ነው የሚነደው" አለች።

መድኃኒቱ ጉንጯን ነፋው፣
ጠባይዋን አከረረው፤
እጇ ምልክት እየለመደ
ሦስት ወር ያለ ድምፅ ነጎደ።
በአራተኛው፣ ለድጋሚ ምርመራ መጥታ፣
ሙጫውን ስቀባት፣ "ይቀዘቅዛል" አለችኝ።
ሽቦው ከእጄ አመለጠኝ።
ኡርማስ ደብተሩን ገልብጦ
ከጀርባው ጀመረ።
የውሻው ስም ግን ገና ነው።