ነዶ

እኔ የትምህርት ቤቱ የምድጃ ጠባቂ፣
ድራጊንያ ነው ስሜ፣ አመድ ጫሪ፣ ዛቂ።
ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣ ጠርዝ ከሌለው ሜዳ፣
ሰማዩ ዝቅ ብሎ ከሚነካው አገዳ፣
በባናት መንደር ነው ይህን የማወጋው፤
ጥር ነው፣ ውርጩ ነው ጣቴን የሚወጋው።

ድሮ በዚህ አገር አዝመራው ሲያበቃ፣
ክብሪት ነበር ዳኛ፣ ክብሪት ነበር አለቃ።
አገዳው፣ ቅጠሉ፣ ቆረቆንዳው ሁሉ
በአንድ ሌሊት እሳት አመድ ሆነው ያድራሉ።
ሕጉ ይከለክላል፤ ሕጉ ግን ከተማ፣
ክብሪት ኪስ ውስጥ ነው፣ ከልካይ መቼ ሰማ።

ሽማግሌው ኡሮሽ በጥቅምት መባቻ
እንዳባቱ ወግ ጫረ አንዲት ክብሪት ብቻ።
ኮሻቫ የሚሉት ደረቁ ነፋስ ዞረ፣
እሳቱ ፊት አዙሮ ወደ ጌታው በረረ፣
ከዳር የቆመውን ኮምባይን ደረሰ፣
ጎማው እንደ ሻማ ቀልጦ ፈሰሰ።
ኡሮሽ ምንም አላለ፤ ባርኔጣ አወለቀ፣
ሲነጋ ከጥቀርሻው ወንበሩን ፈለቀቀ።

ልጁ ስሬተን ግን ብየዳ ነው እንጀራው፤
ከብረቱ ሬሳ ስር ተኝቶ ሲያጣራው፣
«ሰንሰለቱ ደህና ነው፣ ማጓጓዣው ተራፊ፣
ወንፊቱም ይቃናል፣ ካገኘ ገራፊ» አለ።

በረዶው እስኪቀልጥ ጎተራ ውስጥ ዋለ፣
የወፍጮ ማራገቢያ ከድንች ማሽን ጋር አዳቀለ፤
ወጣ ከሰው ኮምባይን ኋላ የሚጎተት ጋሪ፣
ፍሬውን ለጌታው ትቶ ቆረቆንዳ ቆጣሪ።
እብቁን በነፋሱ ከበር ይሸኘዋል፣
ቆረቆንዳው ሲንጣጣ ሣጥን ይቀበለዋል።
የድርቆሽ ማሰሪያም ከጨረታ ገዛ፣
ለስላሳ ሣር የለመደ፣ አገዳ ፊት ጥርሱ ፈዛዛ።
ያንን ጥርስ ነቅሎ ወፍራም ጥርስ ተከለ፣
በጨርቅ እጁን ጠርጎ፣ «አሁን ይነክሳል» አለ።

የመጀመሪያው ነዶ መጣልኝ፣ አየሁት፤
ድቡልቡል፣ ከኔ የሚበልጥ፤ ምድጃው ውስጥ ከተትሁት።
በሁለተኛው ቀን እሳቱ አጉረመረመ፣
አመዱ ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ታተመ።
በዘንግ ፈለጥሁት፣ በላብ፣ በእርግማን፤
ስሬተንን ጠራሁት፦ «ነዶህ ውስጥ የተቀበረው ማን?»
ጎንበስ ብሎ አነሣ፣ ስባሪውን አሸተተ፣
«አፈር ነው» አለኝ፣ «ጥርሱ መሬት ጎተተ።»

አንድ ጋት ከፍ አደረገው። አንድ ጋት፤ ሌላ የለም።
ጥበብ ብላችሁ እንዳትስሉት፣ ጥበብ እንኳን አይደለም።
ከሥሩ የቀረውም ለሜዳው ይቀራል፤
«ሁሉን ከወሰድህበት» ይላል ኡሮሽ፣ «መሬትም ቂም ይቆጥራል።»

እርጥብ የታሰረው ውስጥ ውስጡን ሲሞቅ፣
ሌሊት ዳሰስነው፣ እንደ ልጅ ትኩሳት ስንጠብቅ።
አሁንስ አገዳው ሰብረውት «ቀጭ» ካላለ
ማሽኑ አይነሣም፤ ይጠብቃል እንዳለ።

አምና ይኸ አገዳ እሜዳው ላይ ነዶ፣
ዘንድሮ ግን ቆሟል፣ ተጠቅልሎ፣ ነዶ።
ቃሉን አልለወጥነው፤ እሳቱን ቤት ሰጠነው።

ሕፃናቱ ሲገቡ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣
ጓንት ቧንቧው ላይ ይሰጣል፣ እንፋሎቱ ተነሥቶ።
አመዱን በባልዲ ኡሮሽ ይወስደዋል፣
እዚያው የነደደው ማሳ ላይ ዝም ብሎ ይበትነዋል።

ዛሬ ጠዋት ስዝቅ አካፋዬ ጮኸ፤
ጣት የሚያህል ብሎን፣ ከአመድ ውስጥ፣ ይኸ!
ለስሬተን ላክሁለት በአንዷ ተማሪ እጅ፣
እሷም መልሱን አመጣች፣ እየሳቀች ከደጅ፦
«ከመስከረም ጀምሮ ስፈልገው ነበር፤
ማሽኑ ያለ እሱ መሥራቱ ነው የሚያስፈራኝ ነገር።»