ሳይጠሩት አቤት

ብቸና ላይ አንድ ምሰሶ አለ፣ ከመናኸሪያው በር፣
ራሱ ላይ ካሜራ፣ ወገቡ ላይ ሳጥን
የታሰረበት በሽቦ ክር።
የላዩ ዐይን ነው፤ ቀን ይዞራል፣ ሌት ይዞራል፤
የታቹ ጆሮ ነው፤ «ቅሬታዎን እዚህ ያስገቡ» ይላል።
ብልህ ይሁን ጅል አላውቅም ያሰበው፣
ጆሮን ከዐይን ሥር አምጥቶ የሰቀለው።

ደብዳቤ የያዘ ሰው እዚያ ሲደርስ ጫማውን ያስራል፤
ጫማው ክር የለውም፤
ጎንበስ ብሎ ያልፋል።
የሆዱን በሆዱ እንዳመጣው ይዞ
ቤቱ ይመለሳል፣ ዳር ዳሩን ተጉዞ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ፤
«ተወያይቶ ወሰነ» ስል ነው ያለቀው ጉልበቴ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
የጮቄ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲውጥ፣
አፈ ጉባኤው አነበቡ፦ አጀንዳ ሦስት፤
የቅሬታ አያያዝ፣ የካሜራ ሪፖርት።
የጸጥታው ኃላፊ አቶ ሽታሁን ጃኬታቸውን አስተካከሉ፤
«በሩብ ዓመቱ የቀረበ ቅሬታ ዜሮ ነው» አሉ።
«ሕዝቡ ረክቷል።»
ጭብጨባው ሊጀመር፣
እጅ ከእጅ ሊገናኝ ሁለት ጣት ሲቀር፣
የሁለት ቀበሌዋ ባንቺአምላክ ከኋላ ወንበር፦
«የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?»

አቶ ሽታሁን ኪሳቸውን ነኩ።
ሳያስቡት ነው የነኩት።
ለካ የከሳሽ አንደበት፣
የተከሳሽ ኪስ ነው ያደረበት።

«ካሜራውስ» አለች፣ «ሲያይ የሚያየው ማነው?
የታከለችን ጓሮ፣ የልብስ ማጠቢያዋን፣
ለለቅሶ የተተከለ የእድር ድንኳን፣
ማን ፈቅዶ ነው የቀዳው? ስንት ቀንስ ይቀመጣል?
ለሌባ ነው አላችሁን፤
ሌባው አውቆት በወንዙ በኩል ይመጣል።
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው፤
የጠራነው ቤት ግን፣ አቤት የሚለን ማነው?»

ሳጥኑ መጣ፤ ውሃ እያንጠባጠበ።
ዘበኛው እንየው ቁልፉን አልጠበቀም፣
በመዶሻ ነው የፈታው።
አንድ የሎተሪ ቲኬት። የማስቲካ ልጣጭ።
አንድ ወረቀት፣ አራት የታጠፈ፣
ፊደል የሌለበት፤
መሃሉ ላይ ብቻ የአውራ ጣት አሻራ ያረፈ።

«ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ቀን የለው፣ ስም የለው፤
ቃል የሌለውን ነገር ምን ብለን እንመዝግበው?»
«ይነበብ» አለች።
«ምኑ?»
«ይነበብ።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።
ከዝናቡ በቀር የተናገረ አልነበረ።
ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ ያቃተኝ፣
ሰሙን ከወርቁ መለየት፣ ያን ዕለት ገባኝ።
ጣቱ መሃሉ ላይ ጠባሳ አለው፤
ማጭድ ይሁን ምን፣ መስመሩን ለሁለት የከፈለው።

«እናጣራው» አሉ አቶ ሽታሁን፣ ብርሃን በራላቸው፤
«አሻራ እኮ ነው፤ የማን እንደሆነ በአንድ ቀን…»
አልጨረሱም።
ባንቺአምላክ ወረቀቱን ነጥቃ አጠፈችው፣
አሻራውን ወደ ውስጥ፣
ዐይን ከማያገኘው።

ውሳኔ፦ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤
ሳጥኑ ይሂድ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር፤
ምስሉ ሠላሳ ቀን ካለፈው ይጥፋ፤
የጸጥታው ዘርፍ በየሩብ ዓመቱ ቀርቦ፣ ተጠይቆ ይናገር።
አሥራ ሰባት ድጋፍ። ዘጠኝ ድምፀ ተአቅቦ።
የባለ አሻራውን ነገር «ተነበበ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከሥሩ አንድ መስመር ባዶውን ተውኩ።

ይፈጸም አይፈጸም እንጃ። መስከረም ጠባ፤
ሳጥኑ ሄዷል፤ ሽቦው ግን አለ፣ ተንጠልጥሎ፣
ዐይኑም እዚያው ነው፣ አንገቱን ቀልሶ፣ ጎንበስ ብሎ።
ትናንት ሳልፍ ጫማዬን አላሰርኩም።
ቀና ብዬ አየሁት።
ዞሮ አየኝ።
«አቤት!» አልኩት፤
ለጥሪው መልስ ይሁን ወይስ ክስ፣
እኔው ራሴ አልለየሁት።