የዐርብ መዝገብ

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
ዐርብ በስምንት ሰዓት እንገናኛለን፤ ጫማችን ደረጃው ላይ።
ወንበር የለም፤ የተዘረጋ የፍሪጅ ካርቶን ነው ምንጣፋችን፤
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ ነው ሰዓታችን።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ደብተሩ ማዳም ከቆሻሻ ጋር የጣለችው፣
ልባሱ ላይ ጥንቸል አለች፣ አንድ ጆሮዋን ሕፃኑ የቀደደው።
ውስጡን በእርሳስ አሰመርኩት፣ አራት ቦታ ከፈልኩት፦
ስም፣ የምትሠራበት ቤት፣ ያልተከፈላት ወር፣ ፓስፖርቷን የት እንዳኖሩት።
ትርሐስ። ሪፋ። ሦስት ወር። የማዳም ካዝና ውስጥ።
ዘይቱና። ቡደይዕ። ዐሥራ አንድ ወር። "እንጃ፣ አይቼው አላውቅም"፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ።
ስንዱ። ዒሳ ከተማ። ደሞዟ ሙሉ ነው፣ ዕረፍት ግን የላትም፤
ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ በስልክ ትገባለች፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

የፎቁ ባለቤት አንኳኩቶ "ምንድን ነው ይሄ?" ሲለን፣
"እቁብ ነው" አልነው፤ ሳቀና ወረደ፤ እኛም ስሙን ተቀበልን።
እቁብስ ዕጣ አለው፤ የኛ ግን ዕጣ የማይወጣበት፣
ተራው የታመመች፣ የተባረረች፣ በሌሊት በር የተዘጋባት።
እድር ነው እንዳልል፣ እድር የሚደርሰው ሲቀብሩ፣
ይሄ ግን ሳይቀበሩ፣
በቁም፣ በዐርብ፣ በአምስት መቶ ፊልስ።

አባቴ ድሬዳዋ፣ ጥጥ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነበረ፤
ጆሮው እዚያው ማሽኑ ጋ ቀረ።
ከደሞዙ ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም ለማኅበር ትቆረጣለች፤
እናቴ "ይቺ እኮ በርበሬ ትገዛለች!" ትላለች።
"በርበሬ ያልቃል" ይላታል፤ ሌላ አይጨምርም።
ማኅበሩን አፈረሱት፣ ስሙን ለወጡት፣ ሊቀመንበሩን አሰሩት፣
ማኅተሙን ሌላ ሰው ያዘው፤ ሳንቲሟን ግን አንድ ወር አልረሱም።
ልጅ ሆኜ የገባኝ ይሄ ነበር፦ ማኅበር ማለት የምትቆረጥ ሳንቲም።

ሐጂ ዒሳ ልብስ ሰፊው ግን ሌላ ነገረኝ፣ አዝራር እየተከለ፦
"አያቴ ሉል ጠላቂ ነበር፤ ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ ሲወርድ ዋለ።
ሞተ። ዕዳው ግን አልሞተም፤ አባቴ ከነወለዱ ወረሰው።
ዘይት ሲገኝ ደግሞ ቱቦ ተሸከመ፤ ያው ትከሻ ነው፣ ጌታው ነው የተለወጠው።
አንድ ማለዳ ቱቦውን መሬት አኖሩት፣ እሱና ጓደኞቹ።
ታሰሩ ጥቂቶቹ፣ ተባረሩ ብዙዎቹ።
ኒቃባ የሚለውን ቃል እኔ ከዚያ ነው የለመድኩት።"
"ለእኛስ?" አልኩት።
ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ አዝራሩን ሳብ አድርጎ ሞከረው፤
"ጠብቋል" አለ። ስለ አዝራሩ ይሁን ስለ ምኑ፣ አልጠየቅኩት።

የዘይቱና ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ማን ይለቀናል?
አንዷ ጥርሷን ታመመች፣ አንዷ "ባንክ ይዘጋብኛል"፣
ትርሐስ ድንች ልትገዛ ወጥታ ድንቹን ሳትገዛ፣
ዐሥራ አራት ሴቶች ዐሥራ አራት ውሸት ይዘን ቢሮው ደረስን፤
ዘይቱና መሐል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የምትሸት፣ ፊቷ የወዛ።
ሰውዬው ከኮምፒውተሩ ቀና አለ፦ "ከሳሿ ማን ናት?"
ትርሐስ "ኢሕና" አለች። እኛ። አንድ ለጠየቀ ብዙ መለሰችለት።
"ወንበሩ አንድ ነው።"
"እንቆማለን።"
ቆምን።

የሰባት ወር ተከፈለ። አራቱ ዛሬም "ነገ" ነው።
ትርሐስን ማዳሟ ድንቹን ጠየቀቻት፤ በሳምንቱ ተሳፈረች።
ድል እንበለው? ስንዱ "አዎ" አለች፤ ዘይቱና አለቀሰች።
እኔ ደብተሩን አወጣሁ፤ የትርሐስን መስመር ልሰርዝ ስል እርሳሱ እምቢ አለኝ፤
አራተኛው ቦታ ላይ "ካዝና" የሚለውን አጥፍቼ፣
"በእጇ" ብዬ ጻፍኩኝ።

ከታች የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ስልኩ ጠራ።
የቆሻሻ ገንዳ ክዳን ድምፅ፣ የሚሮጥ ነጠላ ጫማ፣
"ቶሎ በሉ፣ በሩን እንዳይዘጉብኝ። ማን ማን አላችሁ?"
ከጥግ ጀምረን ስም በስም ጠራን፤
ትርሐስንም ማን እንደጠራ እንጃ፣
አንዳችን ተሳስተን።