የዝናብ ቀን ሒሳብ

ሞንታርቦ ጫኝ ነኝ፤ ድምፅ ነው ሥራዬ፣
ለሦስት ፓርቲ እኩል ይጮኻል ትከሻዬ።
ሰኞ የአንዱን መፈክር፣ ማክሰኞ የሌላ፣
የማንንም ቃል ሳልውጥ፣ አበሉን ልበላ።
ምርጫ ደግ ወቅት ነው፤ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ
ደመወዝተኛ መሰልኩ፣ ለሚያዩኝ ሁሉ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
ድንኳኑን ከእድር ተውሰን፣ ጥጉ ላይ «ለሐዘን ብቻ» ይላል።
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው መንደር፣
ሰው መጣ፤ ገሚሱ ለቲሸርት፣ ገሚሱ ለመናገር፣
ገሚሱ ሥራ አጥቶ፣ የትም ከመገተር።

እጩው ክፉ ሰው አይደለም፣ ልዋሽ አልችልም፤
ማይኩን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ገና አልለመደም።
ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አወራ፣ ስለ ቀለበት መንገድ፣
ስለ ወጣቱ ብድር፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ንግድ፤
እኔ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳደርግ፣ ከበላይ ሰማዩ ሲከብድ።

ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች፤ ባሬላ ተሸካሚ፣
ሲሚንቶ የበላው መዳፍ፣ ዐይኗ ግን ሰሚ።
«ዳመነች» ስትል፣ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ ወደ ሰማይ፤
«ስሜን ነው» አለች ሳቅ ብላ፣ «የላዩን ተዉት ለላይ።

«ጌታዬ፣ ስለ መንገዱ ስሰማ ደስ ብሎኛል፤
ድንጋዩ በእኔ ትከሻ ነው፣ ይሠራል፣ ይሠራል።
ግን አንድ ቀን አለ፣ ስም የሌለው ቀን፤
በዓል አይደል፣ ጾም አይደል፣ አይደል የሐዘን፤
ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ አደባባዩ ላይ ቆመን፣
ፎርማኑ በጣቱ «አንተ፣ አንቺ፣ አንቺ» እያለ ቆጥሮን፣
ጣቱ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል፣ ዝናብ የሚጥልበት ቀን።

ያን ቀን ኮንክሪት አይሞላም፤
ያን ቀን ባለ ባሬላ አይበላም።
የቤት ኪራይ ግን ዝናብ አይፈራም፤
ሲዘንብም ይቆጥራል፣ ሲያባራም።
ልጄ ያን ቀንም ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀንም ይርባታል፤
«ዛሬ አልተሠራም» ብላት፣ ሆዷ መች ሰምቶ ያውቃል።

ለታመመ የሐኪም ወረቀት አለው፣ ለሞተ እድር አለው፤
ለቆመ ሰው፣ ሥራ ለሚጠብቅ ሰው፣ ምንድን ነው ያለው?
ምጽዋት አልጠየቅኩም፤ እጄ ጤነኛ ነው፤
ያ ቀን በእናንተ ፕሮግራም፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሞንታርቦዬ የቆየ ብልሽት አለበት፣ የመጨረሻውን ቃል ይደግማል፤
ካላለቀው ፎቅ ተላትሞ «ላይ ነው... ላይ ነው...» እያለ ይመጣል።

እጩው ወረቀቱን ገለጠ። መልሶ ገለጠ።
ጸሐፊው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ የሁለቱም ፊት ተለወጠ።
«ጥያቄሽ ተይዟል፣ እህቴ።»
እውነትም ያዘው፣ አየሁ፤ ደብተር ቢያጣ፣ መዳፉ ላይ ጫረ።
ከዚያ ዳመነች ዝም ስትል፣ ሰማይ ተናገረ።

ሰው ተበተነ። ሽቦዬን ጠቀለልኩ፣
ድምፅ ማጉያውን በፌስታል ሸፈንኩ።
እጩው ከመኪናው መስኮት እጁን አውጥቶ ሲሰናበት፣
ሰማያዊ ቀለም በክንዱ ሲወርድ አየሁበት።
የዚያን ዕለት አበሌንም አልከፈሉኝ፤
«በዝናብ ተቋርጧል፣ ቀኑ አልሞላም» አሉኝ።

ሐምሌ ላይ ሞንታርቦው ተሸጠ።
አሁን በአሥራ አንድ ሰዓት እኔም አደባባዩ ላይ ነኝ፣
ከዳመነች ሁለት ሰው ቀጥዬ፣ ጣቱ እስኪያገኘኝ።

ትናንት ዘነበ። ቤቷ አስጠለለችኝ።
ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ የእጩውን ባነር ወጥራበታለች፣
ፊቱን ወደ ውስጥ አዙራ።
ግንባሩ ላይ በከሰል የተሰመረ መስመር አለ፣ ረድፍ በረድፍ፤
ወንበር ላይ ወጥታ አንድ ጨመረች።
ምንድን ነው? አልኳት።
«የዝናብ ቀን» አለች።
«ሲመለስ ይቁጠረው። ገጹ ይኸው ነው።»