የወፍ በሽታ

ከደቅ ደሴት በምትመለሰው ጀልባ
ሣጥኔን አቅፌ ከጆንያው መሐል ስገባ፣
"ቆሮሶ ነው አምባዛ?" አሉኝ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው፣
የክዳኑን ላብ በጣታቸው ጠርገው።
"ዓሣ አይደለም አባባ፣ ደም ነው" አልኳቸው በቀስታ፤
ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ ወደ ሌላ ቦታ።

መቶ አርባ ሁለት ብልቃጥ፤ ስም የለ፣ ቁጥር ብቻ፤
የአስጋሪው ክንድ፣ የደንገል አጫጁ ክንድ፣ የሙሽራዋ ክንድ፣ አቻ ላቻ።

ሰው "የወፍ በሽታ" ይለዋል።
የሌሊት ወፍ ሽንቷን ካፈሰሰችበት፣
ወይ በጠራራ ቀን ጥላዋን ከጣለችበት፣
ዓይኑ እርድ መስሎ ይነጋል፣
ሽንቱ የጠላ ድፍድፍ፣
ይላሉ። እኔም እል ነበር፣ ነጭ ጋዋን ሳልለብስ በፊት።

ወንድሜ አንማው ሲሞት፣ ሆዱ ከበሮ አህሎ፣
አባቴ ክረምቱን ከረመ በሐይቁ ዳር ውሎ፣
ወንጭፍ በእጁ ይዞ፣ ቀና ብሎ እያየ፣
ሳቢሳውን ከዳክዬው፣ ዳክዬውን ከይብራ እየለየ፦
"የትኛዋ ናት? የትኛዋ ናት በልጄ ላይ ያለፈች?"
አንዲትም ወፍ አልመለሰች።

እኔ ዛሬም ወፍ አዳኝ ነኝ፤ ክንፍ የላት፣ ጥላ የላት፣
በመርፌ ጫፍ ላይ ሠራዊቷ ተሰልፎ የሚያድርላት፤
በሰው ጉበት ጎጆ ሠርታ፣ ሃያ ዓመት ድምፅ ሳታሰማ፣
እንቁላሏን የምትጥል በቀይ ደም ጨለማ።

ወንጭፌ መጠይቅ ነው፤ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፦
"ድድዎን ተነቅሰዋል?" "አዎ፣ ያኔ በልጅነት።"
"በማን?" "በእትየ አንጓች ነዋ! ሌላ ማን አለ?"
"በስንት መርፌ?"
ይሥቃሉ።

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከራስጌያቸው ጨርቅ ፈትተው
አንዲት መርፌ አሳዩኝ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው፦
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ልጄ፣ ዝገት አልነካትም፤
በዚች ያላማረ አፍ በደቅ አንድም የለም።"

ባሕር ዳር። ከዘንባባው መንገድ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ በሳል ሲጨነቅ፣
"ለማነጻጸሪያ" አለኝ ስንሻው "የጤነኛ ደም ጠብ ይበል፤"
እኔው ቅርብ ነኝና ጣቴን ወጋሁ፤ ማን ይከልክል?

አንድ ቀይ መስመር። ይሁን፣ ደንቡ ነው።
ከዚያ ሌላ፣ ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ጧት ወገግታ ቀስ ብሎ፣
ሁለት።
ስንሻው ሰዓቱን አየ። እኔ ግድግዳውን።
ሌላ መመርመሪያ ቀደድን፤ ሁለት። ሌላም፤ ሁለት።
"ማነጻጸሪያ" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩና
ጻፍኩ፦ መቶ አርባ ሦስት።

በመታጠቢያው መስታወት ከንፈሬን ገለበጥኩት፤
ድዴ እንደ ኑግ ጠቁሯል፤ "ጥርስሽ ወተት!"
ያሰኘኝ ውበት።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደሜን በቅጠል ጠረጉልኝ፤
"አትጩሂ፣ ነገ ታምሪያለሽ" አሉኝ።
አልዋሹም። አማርኩ።

አንማውንስ፣ ገና በእቅፍ ሳለ፣
"ግግ ነው" ብለው ድዱን የወጉት በማን መርፌ ነበር?
የሚጠየቅ አባት የለም። ወንጭፉም የለም።

ልጄን ግን በተወለደች ዕለት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ አስከትቤያት ነበር፤
ለወግ ያህል።
ያን ወግ እግሩን ልሳመው።

ወጣሁ ወደ ሐይቁ ዳር። ቀትር ነው። ለእትየ አንጓች ምን ልበል?
ስለ ውበቴ እግዜር ይስጥልኝ?
ወይስ መርፌዋን ይስጡኝ?

አንዲት ነጭ ወፍ ከውኃው ተነሥታ ወደኔ መጣች፤
የቫይረሱን የዘር ፊደል በቃሌ የማውቀው እኔ፣
ጥላዋ ሊነካኝ ሲል
አንገቴን ደፋሁ።